ከጺም ሥር የሚረግፈው ፎረፎር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ። ዕድሜዬ 31 ሲሆን በአዲስ አበባ በሒሳብ ሠራተኛነት እተዳደራለሁ። ከሰባት ወር በፊት ጺሜን ማሳደግ ጀመርሁ፤ ሁለት ወር ሳይሞላው አገጬንና የጉንጬን ዳርና ዳር ያሳክከኝ ጀመር። አሁን ደግሞ ጥቁር ሹራብ በለበስሁ ቀን ደረቴ ላይ ዱቄት የተነሰነሰብኝ እመስላለሁ። እናቴ «ቆዳህ ደርቆ ነው» ብላ ለጋ ቅቤ ቀባችኝ፤ ጸጉር አስተካካዬ የጺም ዘይት ሸጠልኝ፤ ሁለቱም ለአንድ ቀን ያለሰልሱትና በማግስቱ ይብስበታል። በመጨረሻ ከሰፈሬ መድኃኒት ቤት ቤታሜታዞን የሚባል ቅባት ገዝቼ ስቀባው በሦስት ቀን ድራሹ ጠፋ፤ ባቆምሁ በሁለት ሳምንት ግን ከበፊቱ ከፍቶ ተመለሰ። እንደገና ገዛሁ፤ ይኸው ሦስተኛውን ጨርሻለሁ። ሰሞኑን ከአገጬ በታች ነጣ ነጣ ያሉ ምልክቶች አይቼ ለምጽ እንዳይሆን ፈርቻለሁ። ጺሜን መላጨት ይኖርብኝ ይሆን?

መልስ፦ እንቅልፍ የነሣዎት የመጨረሻው ነገር ስለሚመስለኝ ከእርሱ ልጀምር። ከቅርፊትና ከማሳከክ ጋር አብሮ የመጣ መንጣት ለምጽ የመሆኑ ዕድል አነስተኛ ነው። የተቆጣ ቆዳ በፈረንጆች ላይ ቀልቶ ይታያል፤ በእኛ ጠይም ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ እምብዛም ስለማይለይ ዓይን የሚይዘው ቀለሙ ሲሳሳ ነው። ለምጽ እንደ ኖራ የነጣ፣ ዳርቻው ጥርት ብሎ የተለየ፣ ቅርፊት የማይራገፍበትና ብዙውን ጊዜም የማያሳክክ ሲሆን፣ በላዩ የበቀለውን ጸጉር ሳይቀር ሊያነጣው ይችላል። የእርስዎ ዳርቻው የደበዘዘና ፈዘዝ ያለ ብቻ ከሆነ፣ የቆዳው ቁጣ ከበረደ በኋላ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። የቀቡት ቤታሜታዞንም በራሱ ቆዳን ሊያነጣ እንደሚችል ግን መዘንጋት የለበትም፤ ወደ እርሱ እመለስበታለሁ።

የያዘዎት ሰቦሪክ ደርማታይቲስ የሚባለው ሕመም ይመስላል፤ በቀላሉ ለመናገር፣ ራስ ላይ የምናውቀው ፎረፎር ወደ ጺም ወርዶብዎታል። በእያንዳንዳችን ቆዳ ላይ ማለት ይቻላል፣ ከወዛችን እየተመገበ የሚኖር ማላሴዚያ የተባለ እርሾ መሰል ፈንገስ አለ። ስሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1874 በፎረፎር ቅርፊት ውስጥ በአጉሊ መነጽር አይቶ ከገለጸው ከፈረንሳዊው ተመራማሪ ከሉዊ ሻርል ማላሴ ነው። ደረትና ጀርባ ላይ ወጥቶ ቋቁቻ የምንለውን የሚያመጣውም ይኸው ፈንገስ ስለሆነ፣ የጺም ፎረፎርና ቋቁቻ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ቢባል ስሕተት የለበትም። ፈንገሱ ወዙን ሲሰባብር ኦሌይክ አሲድን የመሰሉ ቅባታማ አሲዶችን ትቶ ይሄዳል። አንዳንዱ ሰው ይህ ምንም አይለውም፤ የሌላው ቆዳ ግን ይቆጣል፤ በተለመደው ጊዜ አንድ ወር ገደማ የሚፈጅበትን የመታደስ ሥራ በጥድፊያ ያካሂደዋል፤ ገና ያልበሰሉት ሕዋሳትም እንደተጣበቁ በቅርፊት መልክ ይረግፋሉ። እንግዲህ ከሰው አልተጋባብዎትም፤ ከቆሻሻነትም አልመጣብዎትም። በዚህ የተያዙ ወንዶች እፍረት ሲሰማቸው ደጋግሜ ስላየሁ ይህን ማስረገጥ እወዳለሁ።

ጺም ለምን ይመቸዋል ቢሉ፣ ፊት ወዝ የሚያመነጩ ዕጢዎች ከበዙባቸው የሰውነት ክፍሎች አንዱ በመሆኑ ነው። የሚላጭ ሰው በየጠዋቱ ምላጩ ወዙንም፣ ያረጀውንም ቆዳ፣ ፈንገሱንም አብሮ ይጠርግለታል። ጺም ሲያድግ ይህ ጥርጊያ ይቀራል፤ ወዙ ከሥር ይጠራቀማል፤ ሳሙናውም ላይ ላዩን አረፋ ሆኖ ይቀርና ቆዳው ዘንድ አይደርስም። ብዙ ሰው ፊቴን ታጠብሁ ሲል የታጠበው ጺሙን እንጂ ከጺሙ ሥር ያለውን ቆዳ አይደለም። እኔም ተማሪ ሳለሁ ጺሜን አሳድጌ፣ በቀን ሦስት ጊዜ እየታጠብሁ ለምን እንደሚያሳክከኝ ግራ ገብቶኝ ነበር።

ስለ ቅቤውና ስለ ዘይቱ፣ እናትዎን አልወቅሳቸውም፤ የሚራገፍ ነገር ያየ ሁሉ ደርቋል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን በቤተ ሙከራ ይህን ፈንገስ ለማሳደግ የሚፈልግ ባለሙያ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ? በሚያበቅልበት ሳሕን ላይ የወይራ ዘይት ያፈስስበታል። በሰው ቆዳ ላይ የሚኖሩት የማላሴዚያ ዓይነቶች የሚያስፈልጋቸውን ቅባታማ አሲድ ራሳቸው መሥራት ስለማይችሉ ከውጭ ካላገኙ አይበቅሉም። ለጋ ቅቤውም፣ የጺም ዘይቱም፣ ከወይራም ይሁን ከጥቁር አዝሙድ የተጨመቀው፣ ለአንድ ቀን ቅርፊቱን አለስልሶ ከጸጉሩ ጋር ስለሚያጣብቀው የዳነ ይመስላል፤ በማግስቱ ግን ቀለቡ የደረሰው ፈንገስ በርትቶ ይነሣል። እርስዎም ያስተዋሉት ይህንኑ ነው።

በርግጥ ደርቆ የሚራገፍ ቆዳም አለ፤ ሁለቱን መለየት ከባድ አይደለም። መስኮት አጠገብ ቆመው የአገጭዎን ጺም በሁለት ጣት ይክፈሉትና ከሥሩ ያለውን ቅርፊት በጥፍርዎ ጫፍ በቀስታ ያንሡት። ብጫ የሚል፣ ከጸጉሩ ሥር የተጣበቀና በጣቶችዎ መካከል ሲያሹት ሰም መሰል ቅባት የሚተው ከሆነ የፈንገሱ ሥራ ነው። ነጭ፣ ደቃቅ፣ ሳይነኩት የሚረግፍና ሲያሹት እንደ ዱቄት የሚበተን ከሆነ ደግሞ ድርቀት ሊሆን ይችላል። ቅንድብዎን፣ የአፍንጫዎን ግራና ቀኝ፣ የጆሮዎን ጀርባም ይመልከቱ፤ እዚያም ቅርፊት ካለ ነገሩ እርግጥ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ቤታሜታዞን። ይህ ጠንካራ ስቴሮይድ ነው፤ ቁጣውን ጸጥ ያሰኛል እንጂ ፈንገሱን አይነካም። በሦስት ቀን ድራሹ ጠፋ ያሉት የቆዳዎ ቁጣ ነው፤ መንሥኤው ግን ከሥር ተቀምጦ መድኃኒቱ የሚቆምበትን ቀን ይጠብቃል። እየደጋገሙ ፊት ላይ ሲቀቡት ቆዳው ይሳሳል፤ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይታዩበታል፤ ቀለሙ ይነጣል፤ በአፍ ዙሪያ ብጉር መሰል ሽፍታ ያወጣል፤ ዓይን አጠገብ ከደረሰ የዓይንን ግፊት እስከ መጨመር ይደርሳል። ከእርሱ የከረረው ክሎቤታሶል ሲሆን ደግሞ ጉዳቱም በዚያው ልክ ነው። እነዚህ ቅባቶች ያለ ማዘዣ እንደ ከረሜላ መሸጣቸው በሥራዬ ከሚያናድዱኝ ነገሮች አንዱ ነው። ሦስት ጊዜ ገዝተው ስለተጠቀሙ፣ ሲያቆሙት ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ፊትዎ ሊቆጣ እንደሚችል አስቀድመው ይወቁ፤ ያን ጊዜ ተመልሰው እንዳይገዙት አደራ እላለሁ። ቁጣው ከበረታብዎት ሐኪም በጊዜው ያብርደው።

የሚያስፈልግዎት 2 በመቶ ኬቶኮናዞል ያለበት ሻምፑ ነው፤ በአገራችን መድኃኒት ቤቶች ይገኛል። ካልተገኘ ሴሊኒየም ሰልፋይድ ወይም ዚንክ ፓይሪቲዮን ያለበት የፎረፎር ሻምፑ ይተካዋል፤ ሴሊኒየሙ ግን ሽበት ያለበትን ጺም ሊያበልዝ ይችላል። መድኃኒቱ የማይሠራላቸው ሰዎች ስሕተታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከአቀባቡ ላይ ነው፤ ቀብተው ወዲያው ያጥቡታል። እርስዎ ግን እንዲህ ያድርጉ፦ ጺምዎን ለብ ባለ ውኃ ያርሱት፤ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ሻምፑ በመዳፍዎ ላይ አድርገው በጣትዎ ጫፍ፣ በጥፍርዎ ሳይሆን፣ ጸጉሩን እየከፈሉ ከጆሮ ሥር ጀምረው እስከ አገጭ ድረስ ቆዳውን ይሹት፤ ከንፈርዎ በላይና ከአገጭዎ በታች ያለውን እንዳይረሱ። ከዚያ ዓይንዎን ጠብቀው አምስት ደቂቃ ሙሉ ይቆዩ። አምስት ደቂቃ አረፋ ፊት ላይ ይዞ መቆም ከሚታሰበው በላይ ስለሚረዝም ሰዓት ይያዙ፤ በልብ የሚቆጥር ሰው ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ይታጠባል። በመጨረሻ አረፋው ፈጽሞ እስኪጠፋ ያለቅልቁት። ይህን በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለአራት ሳምንት ያድርጉት፤ ራስዎም ላይ ፎረፎር ካለ በዚያው ዕለት አብሮ ይታጠብ፤ ከላይ የቀረው ወደ ታች መውረዱ አይቀርምና።

ማሳከኩ እንቅልፍ ከነሣዎት 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲሶን በቀን ሁለት ጊዜ ስስ አድርገው መቀባት ይችላሉ፤ ይህም ስቴሮይድ ቢሆንም ደካማው ነው፤ ከአንድ ሳምንት ግን አይለፍ። በሌሎቹ ቀናት በለስላሳ የፊት መታጠቢያ ይታጠቡ። የልብስ ሳሙና ለፊት አይሆንም፤ ጤናማ ቆዳ በተፈጥሮው አሲዳማነት ያደላል፣ የፒ ኤች መጠኑም (ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዳማነቱ የሚበረታበት መለኪያ ነው) ወደ 5 ይጠጋል፤ ደረቅ ሳሙና ግን 9 እና 10 ይደርሳልና መከላከያውን ይገፍበታል።

ከአራት ሳምንት በኋላ ሲሻልዎት ሻምፑውን ፈጽመው አይተዉት፤ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃዎታል። ፈንገሱ ነዋሪ እንጂ እንግዳ ስላልሆነ ሕመሙ ይመላለሳል፤ እንቅልፍ ያጡ፣ የሒሳብ መዝጊያ የደረሰባቸውና የተጨነቁ ሰሞን ሲነሣብዎት አይደንግጡ። ሻምፑውን እንጂ የሚዋጠውን የኬቶኮናዞል ኪኒን ማንም እንዳይሰጥዎት ይጠንቀቁ፤ ኪኒኑ ጉበትን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ2013 የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለፈንገስ ሕክምና እንዲቋረጥ መክሯል። ቆዳ ላይ ተቀብቶ የሚታጠበው ግን ወደ ደም የሚገባው ከቁጥር የማይገባ ነው።

መላጨቱ ግዴታ አይደለም። ቢላጩ በሽታው ቶሎ እንደሚያፈገፍግ እውነት ቢሆንም፣ ጺማቸውን በሃይማኖታቸው ምክንያት የማይነኩ ካህናትና ሙስሊሞች ሳይላጩ በዚሁ መንገድ ሲድኑ አይቻለሁ። ለመጀመሪያው አንድ ወር በቶንዶስ አጠር ቢያደርጉት ግን መድኃኒቱ ቆዳው ዘንድ እንዲደርስ ይረዳል።

በአራት ሳምንት ካልተሻለዎት ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂዱ፤ በአዲስ አበባ የአለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል ለዚህ የታወቀ ነው። አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልንገርዎት፦ ይህ ሕመም ከፊት አልፎ ደረትን፣ ብብትንና ብሽሽትን በአንድ ጊዜ ሲያለብስና ለሕክምና አልበገር ሲል፣ ሐኪሙ የኤች አይ ቪ ምርመራ ሊጠይቅ ይችላል፤ የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ፈንገሱ ስለሚበረታ ነው። እርስዎ የገለጹት እንዲህ ያለ አይደለም፤ ሆኖም ይህን የሚያነቡ ሌሎችም አሉ።

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን አካባቢ ወተት ላሞች አረባለሁ። ከአገጬ በስተ ግራ ፎረፎር መስሎ የጀመረው ነገር አሁን አብጦ መግል ይዟል፤ የዚያ አካባቢ ጺም ደግሞ ሲነኩት እየተነቀለ ነው። የፎረፎር ሻምፑ ተጠቅሜ ምንም አልሆነም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የእርስዎ ፎረፎር አይደለም። በአንድ ወገን ብቻ መሆኑ፣ ማበጡ፣ ከሁሉም በላይ ጸጉሩ ሳያምም መነቀሉ የጺም ጭርትን ያመለክታል። ጥጆችዎን ይመልከቱ፤ በዓይናቸው ዙሪያና በጆሮአቸው ላይ ክብ፣ አመድማ፣ ቅርፊት የለበሰ ምልክት ያለበት ካገኙ ምንጩን አገኙት። ከብትን የሚይዘው የጭርት ፈንገስ ጥጃ ሲያጠቡ ወይም ላም ሲያልቡ ግንባርዎን ከጎኗ ባስጠጉ ጊዜ ወደ ሰው ይተላለፋል፤ በጉረኖ አጥርና በምሰሶ ላይም ለረጅም ጊዜ ይቆያል።

ፈንገሱ ከጸጉሩ ሥር ውስጥ ስለሚገባ ሻምፑም ሆነ ቅባት ብቻውን አይደርስበትም። ቢያንስ ለአራት ሳምንት የሚዋጥ ቴርቢናፊን ወይም ግሪስዮፉልቪን ያስፈልጋል፤ ይህንንም ሐኪም መርምሮ ያዝዝልዎት። ስቴሮይድ ቅባት ፈጽሞ አይቀቡ፤ የጭርቱን መልክ ቀይሮ ሐኪሙን ያሳስተዋል፣ ፈንገሱንም ያሰፋዋል። መግሉን አያፍርጡት፤ ጠባሳ ይተውና ጺም ዳግመኛ ላይበቅልበት ይችላል። ፎጣዎንና ምላጭዎን ለብቻ ያድርጉ፤ እስኪድኑ ድረስ ጸጉር ቤት አይሂዱ። ጥጆቹን ለእንስሳት ሐኪም ካላሳዩ እርስዎ ድነው እንደገና መያዝዎ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ በክረምት ከጺሜ ሥር ይራገፋል። አገር ቤት ሳለሁ የምጠቀምበትን ዚንክ ያለበትን ሻምፑ ገዝቼ ልሞክር ብዬ ሱቅ ብገባ ስሙ ያው ሆኖ ዚንኩ የለበትም። በየቀኑ በሙቅ ውኃ እታጠባለሁ፤ ከመታጠቢያው እንደወጣሁ ፊቴ ይወጠርብኛል።

መልስ፦ ዚንክ ፓይሪቲዮን ለመራባት ጤና ሊያሰጋ ይችላል ከሚባሉት ንጥረ ነገሮች ተርታ በመመደቡ፣ ከመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በመዋቢያ ምርቶች ውስጥ እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ያጡት በዚህ ምክንያት ነው። አምራቾቹ በብዛት ፒሮክቶን ኦላሚን በሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ተክተውታል።

ነገር ግን ለእርስዎ የሚያስፈልገው ሻምፑ አይመስለኝም። በክረምት ብቻ መምጣቱና ፊትዎ ከታጠቡ በኋላ መወጠሩ ድርቀትን ይናገራል፦ የውጭው ብርድ፣ የቤቱ ማሞቂያና ሙቁ ውኃ ተባብረው ወዝዎን ገፈፉት። ውኃውን ለብ ያድርጉ፤ የፊት መታጠቢያውን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይጠቀሙ፤ ፊትዎን በፎጣ ሳይፈትጉ አድርቀው፣ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ሽቶ የሌለው የፊት ሎሽን በጣትዎ እስከ ሥሩ ያስገቡ። ለመጀመሪያው ጠያቂ ቅባት ከልክዬ ለእርስዎ መፍቀዴ እንግዳ እንዳይሆንብዎት፤ የእርሱ ቆዳ ወዝ በዝቶበት፣ የእርስዎ ጠፍቶበት ነው። ለጥንቃቄ ያህል ግን ቅባትዎ ከቫዝሊን ወገን ቢሆን ይሻላል፤ ማዕድናዊ ስለሆነ ለፈንገሱ ቀለብ አይሆነውም። በሦስት ሳምንት ለውጥ ከሌለ ያን ጊዜ ስለ ኬቶኮናዞል ሻምፑ ፋርማሲስት ያነጋግሩ።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ ነው የምጽፈው፤ ዕድሜዬ 56 ነው። ልጄን ልድር ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ ሽበቴን ለመሸፈን ጺሜን ጥቁር ቀለም ተቀባሁ። በሁለተኛው ቀን አገጬ በሙሉ አብጦ ውኃ ቋጠረ፤ አሁን እየደረቀ ይላላጣል። ለሠርጉ ደግሜ መቀባት እችላለሁ?

መልስ፦ እንኳን ለዚህ አበቃዎት፤ ቀለሙን ግን አይድገሙት። በጥቁር የጸጉር ቀለሞች ውስጥ የሚገባው ፓራ ፌኒሊን ዳያሚን የሚባል ኬሚካል አለርጂ አስነሥቶብዎታል። እንዲህ ያለው አለርጂ ከተቀቡ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ዘግይቶ ይመጣል፤ አንድ ጊዜ ከያዘ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ሲሆን በሚቀጥለው ጊዜ ፈጥኖና በርትቶ ይነሣል። ውኃ የቋጠረ ቁጣ ሐኪም በጊዜው ሊያየው ይገባል፤ ለዚህ ለአጭር ጊዜ ስቴሮይድ ቢያዝልዎት ተገቢ ነው፣ ከላይ የተናገርሁት እርስዎን አይመለከትም። ዓይንዎ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ለነገ አይበሉት። ጥርስ ሲያስነቅሉም ሆነ ቅባት ሲገዙ ይህ አለርጂ እንዳለብዎት ይናገሩ፤ ቤንዞኬይን የሚባለው ማደንዘዣ ተመሳሳይ ቁጣ ሊያስነሣ ይችላል።

«ጥቁር ሂና» ተብሎ የሚሸጠውን ይራቁ፤ ጥቁረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ኬሚካል የሚመጣ ነው። በከተማዎ ሽማግሌዎች ጺም ላይ የሚያዩት ቀላ ያለው ንጹሕ ሂና ግን አለርጂ የሚያስነሣው ከስንት አንድ ነው። ቆዳዎ ፈጽሞ ከዳነ በኋላ፣ ቅጠሉ ሲፈጭ ካዩበት ቤት ገዝተው፣ ጥቂት በክንድዎ መታጠፊያ ላይ ቀብተው ሁለት ቀን ይጠብቁ፤ ምንም ካላለዎት ለሠርጉ ዋዜማ ይድረሱ። ካልዳነልዎት ደግሞ ሙሽራዋን በሽበትዎ ይሸኟት።